ገቢው በስንት እጅ ያልፋል? ከሱዳን ነዳጅ እስከ አዊ ዲከረንስ

የዛሬው ጉዳዬ በአንድ የተፈጥሮ ሀብት፣ በተለይም በነዳጅ፣ የሚተዳደር መንግሥት ኢኮኖሚውን ለማስፋት ሲነሣ ፖለቲካው ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቤንዚኑን በቦቴ ከጅቡቲ የሚያስገባ አገር ሕዝብ ስለ ነዳጅ መንግሥታት ምን አገባው የሚል ሰው እዚህ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን በንግግሩ ውስጥ ቀስ በቀስ አቀርባለሁ። ለጊዜው ግን ይህን ልበል፤ ከዚህ ከአዊ ዞን ወደ ምዕራብ መተከልን ተሻግሮ የምናገኘው ጎረቤታችን ሱዳን ነው፤ የሱዳን ታሪክም ለዚህ ጉዳይ ከየትኛውም የባሕረ ሰላጤ አገር የበለጠ ትምህርት አለው።

ላሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በአንድ ምርት መተዳደር ሁለት የተለያዩ አደጋዎች አሉት። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዋጋው ሲወርድ፣ በሽታ ሲመታው ወይም ጉድጓዱ ሲነጥፍ በእሱ ላይ የቆመው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም፤ የምርቱ ገቢ የሚያልፈው በአንድ በር ብቻ ከሆነ በሩን የያዘው ወገን አገሩን ይይዛል፤ የቀረው ሕዝብ ግብር የማይጠየቅ፣ በዚያው ልክ የሚደመጥበት ምክንያት የሌለው ሕዝብ ይሆናል። ኢኮኖሚን ስለማስፋት በየስብሰባው የሚነገረው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያውን አደጋ የሚመለከት ነው፤ ስንት ዓይነት ምርት እንልካለን፣ ስንት ፋብሪካ እንከፍታለን የሚል ነው። የእኔ ክርክር ግን ከኢኮኖሚ መስፋት በኋላ የሚመጣውን የፖለቲካ ለውጥ የሚወስነው ሁለተኛው ነው የሚል ነው። ከምርቱ ብዛት ይልቅ ገቢው በስንት እጅ እንደሚያልፍ መቁጠር አለብን። ንግግሬን በሱዳን እጀምራለሁ፤ ከዚያ ወደ አገራችን ታሪክ፣ ወደ ጎጃም የግብር አመፅና ወደ ቡና እመለሳለሁ፤ በመጨረሻም እዚሁ ደጃችን ወዳለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ እደርሳለሁ። በየመሃሉ ይህን አስተሳሰብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሧቸውን ነጥቦች እመልሳለሁ።

የሱዳንን ነገር ከዚሁ ከአዊዋ ዳንግላ መጀመር ይቻላል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በቆንስልነት የተቀመጠው ሜጀር ሮበርት ቺስማን የጣናን ሐይቅና የአባይን ሸለቆ ዞሮ ያጠና ሰው ነው። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን ስጠቅስ በራሳችን አቆጣጠር እሄዳለሁ።) እንግሊዞች ጣና ላይ ያን ያህል ያተኮሩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ከወንዙ በታች ያለው ጥጥ ነበር። በዚያው በ1925 የሴናር ግድብ ተጠናቆ የገዚራ የመስኖ እርሻ ሥራ ጀመረ፤ የሱዳን የውጭ ንግድም ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በዋናነት የቆመው በጥጥ ላይ ነው። ይህም የአንድ ምርት ጥገኝነት ነበር፤ የጥጥ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወርድ ካርቱም ትጨነቅ ነበር። ይሁንና ጥጥ ብዙ ሰው ይፈልጋል። በገዚራ የሚያርሱት ተከራይ ገበሬዎች ቁጥራቸው ወደ መቶ ሺህ ይደርስ ነበር፤ የራሳቸውም ማኅበር ነበራቸው። ጥጡን ወደ ፖርት ሱዳን የሚያደርሰው ባቡር ነው፤ የባቡሩ ማእከል አትባራ ደግሞ የሱዳን የሠራተኛ ማኅበራት ንቅናቄ የጠነከረባት ከተማ ናት። መንግሥት ገቢውን የሚያገኘው በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ስለነበረ ሰዎቹ ሥራ ሲያቆሙ መንግሥቱ ይሰማዋል። በጥቅምት 1964 ጄኔራል አቡድ፣ በሚያዝያ 1985 ጀዓፋር ኒሜሪ ከሥልጣን የወረዱት የባለሙያዎችና የሠራተኞች ማኅበራት የመሩት የሥራ ማቆም አድማ አገሩን ካቆመው በኋላ ነው።

ነዳጅ ይህን ግንኙነት በጠሰው። ሼቭሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1983 የሰሜንና የደቡብ ጦርነት እንደገና ሲፈነዳ የነዳጁ መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከጦርነቱ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ኩባንያው ሠራተኞቹ ሲገደሉ ሥራውን አቆመ። ቆይቶ የቻይናና የማሌዥያ የመንግሥት ኩባንያዎች ከሌሎች ጋር ተጣምረው ከሄግሊግ እስከ ፖርት ሱዳን ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቧንቧ ዘረጉ፤ በነሐሴ 1999 የመጀመሪያው ድፍድፍ በመርከብ ተጫነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነዳጅ ከአገሪቱ የውጭ ሽያጭ ዘጠና በመቶ ገደማ፣ ከመንግሥት ገቢም ከግማሽ በላይ ሆነ። ቧንቧ ብዙ ሰው አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥቂት መሐንዲሶችንና ብዙ ዘበኞችን ነው። በሰኔ 1989 በመፈንቅለ መንግሥት የመጣው የአልበሽር አገዛዝ የሠራተኛ ማኅበራቱን ቀድሞ አፍርሷቸው ነበር፤ ነዳጁ ሲመጣ ደግሞ እንደገና የሚያስፈልጉበት ምክንያት ጠፋ። የገዚራ ቦዮች በደለል ተሞሉ፣ የአትባራ ባቡር ቆመ፣ ካርቱም ግን በአዳዲስ ፎቆች ደመቀች።

ኢራናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሆሴን ማህዳቪ በ1970 ስለ አገሩ ሲጽፍ፣ ከዚያም በ1987 ሐዚም ቤብላዊና ጃኮሞ ሉቻኒ ስለ ዓረብ አገሮች ሲጽፉ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። ገቢው ከሕዝቡ ሥራ ሳይሆን ከምድር ሥር የሚመጣለት መንግሥት ግብር መሰብሰብ አያስፈልገውም፤ ግብር የማይሰበስብ መንግሥት ከግብር ከፋዩ ጋር መደራደር አያስፈልገውም። ማይክል ሮስ የተባለው አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ በ2001 የብዙ አገሮችን መረጃ አሰባስቦ ነዳጅ ዴሞክራሲን እንደሚያዳክም ለማሳየት ሞክሯል። በዚህ ግኝት ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ እኔም የሁሉም አገር ሕግ አድርጌ አልወስደውም። ሱዳንን ግን በትክክል የሚገልጽ ይመስለኛል።

ሐምሌ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ካርቱም ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ ገደማውን አጣች። የመጀመሪያው አደጋ በአንድ ቀን ደረሰ። መንግሥቱ የነዳጅ ድጎማውን በመስከረም 2013 ሲቀንስ ሰዎች ወደ አደባባይ ወጡ፤ በጥይት ተበተኑ። በታኅሣሥ 2018 የዳቦ ዋጋ ሲንር ተቃውሞው ከአትባራ ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ፤ ሰልፉን ያስተባበረው የሐኪሞች፣ የመምህራን፣ የመሐንዲሶችና የጋዜጠኞች ስብስብ የሆነው የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2019 አልበሽር ወረደ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ነዳጁ ሲነጥፍ ነጻነት ይመጣል ብለን መደምደም እንችል ነበር። አላበቃም።

ሱዳን ከ2011 በኋላ ኢኮኖሚዋን አስፍታለች፤ በወርቅ። መንግሥት የነዳጁን ጉድለት ለመሙላት ባህላዊ የወርቅ ቁፋሮን አበረታታ፤ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ በረሃ ገቡ፤ ወርቅ የአገሪቱ ዋና የውጭ ሽያጭ ሆነ። በወረቀት ላይ ከነዳጅ መላቀቅ ነው፤ በቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ስኬት ይለዋል። ሆኖም የወርቁ በር የተያዘው በመሣሪያ ነበር። በ2012 በዳርፉር የተገኘውን የጀበል አሚር የወርቅ ሥፍራ በ2017 የያዘው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል የተባለው የታጠቀ ቡድን ሲሆን የኃይሉ አዛዥ ሐምዳን ዳጋሎ በዚህ ሀብት የራሱን ጦር የሚቀልብ ሰው ሆነ። መደበኛው ሠራዊትም የራሱ ኩባንያዎችና የራሱ ገቢ ነበረው። ስለዚህ በ2019 ሕዝቡ አንዱን ገዥ ሲያወርድ ከኋላው የቆሙት የየራሳቸው ካዝና ያላቸው ሁለት ጦሮች ነበሩ። ሐኪሞቹና መምህራኑ ሥራ ቢያቆሙ የወርቁ ገቢ አይቋረጥም፤ በ1964ና በ1985 የነበራቸው ጉልበት አሁን የለም። ሁለቱ ጦሮች ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እርስ በርሳቸው ጦርነት ጀመሩ፤ ከጦርነቱ የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። ለዚህ ነው የምርት ዓይነት መጨመር ብቻውን አይበቃም የምለው። ሱዳን አንዱን በር ዘግታ ሌላውን ከፈተች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ።

ለዚህ አነባበብ የሚሰጠው የመጀመሪያው ተቃውሞ ሱዳንን የጎዳት የአሜሪካ ማዕቀብ ነው የሚል ነው። ማዕቀቡ እንደጎዳ አልክድም። ነገር ግን አሜሪካ አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ የጣለችው በ1997 ነው፤ ነዳጁ መሸጥ የጀመረው፣ ካርቱምም የበለጸገችው ከዚያ በኋላ ነው። ማዕቀቡ የተነሣው በጥቅምት 2017 ሲሆን ሕዝቡ ለዳቦ አደባባይ የወጣው ከዓመት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ማዕቀቡን ዋና ምክንያት ለማድረግ አይመችም። ደቡብ ሱዳንም ብትታይ ማስረጃው ይጠነክራል እንጂ አይላላም፤ ከተወለደች በወራት ውስጥ፣ በጥር 2012፣ ከካርቱም ጋር በማስተላለፊያ ክፍያ ስትጣላ የገቢዋ ሁሉ ምንጭ ሊባል የሚችለውን ነዳጅ ራሷ ዘጋች፤ በየካቲት 2024 ደግሞ ቧንቧው በሱዳን ጦርነት መሃል ሲበላሽ የመንግሥት ሠራተኞቿ ያለ ደመወዝ ብዙ ወራት ከረሙ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ኖርዌይ ነዳጅ አግኝታ አልተበላሸችም፤ ዱባይም ከነዳጅ ወደ ወደብ፣ ወደ አየር መንገድና ወደ ንግድ ተሻግራ ያለ አብዮት በልጽጋለች ይባላል። የኖርዌይ ጉዳይ ክርክሬን ይደግፋል። ኖርዌይ በ1969 በሰሜን ባሕር ትልቁን የኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ ስታገኝ ግብር የሚከፍል ሕዝብ፣ ጠንካራ የዓሣ አጥማጆችና የሠራተኞች ማኅበራት፣ በጀትን የሚያጸድቅ ፓርላማ አስቀድሞ ነበራት። በ1990 የነዳጅ ፈንዱን በሕግ ስታቋቁም ገንዘቡ እንዴት እንደሚወጣ የሚቆጣጠር ሕዝብ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ብዙ እጅ በነበረበት አገር ነዳጁ ተጨማሪ እጅ ሆነ። ዱባይና ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያሉ፤ ኢኮኖሚ ከላይ በአንድ ካዝና ገንዘብ ሲሰፋ የምርቱ ዓይነት ይጨምራል፣ ፖለቲካው ግን እንደነበረ ይቆያል። ሳዑዲ በ2016 ያወጀችው የ2030 ራዕይ ዋና ሞተር የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። ለጥቂት ዜጋና ለብዙ ነዳጅ ይህ አካሄድ ለጊዜው ሊሠራ ይችላል፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው፣ ለዜጎቹ የሚያከፋፍለው ትርፍ ለሌለው አገር ግን ሞዴል ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከግብር ጋር የሚመጣው ድርድር የመጽሐፍ ሐሳብ ብቻ እንዳልሆነ ጎጃም በ1960 ዓ.ም. አሳይቷል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1960 በሥራ ላይ ያዋለው የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ የገበሬውን ምርት ለመገመትና በዚያው መጠን ለማስከፈል የታሰበ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግምቱ ርስቱን ለመንጠቅ የሚደረግ ልኬት ነው ብሎ ፈራ፤ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎች ቦታዎች መሣሪያ አንሥቶ ገማቾቹን አባረረ። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ፤ መጨረሻው ግን ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነበር። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩ ተማረ፣ አዋጁም በጎጃም ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ። ይህን የማነሣው አመፅን ለማወደስ አይደለም፤ ብዙ ሕይወት ጠፍቶበታል። ማሳየት የምፈልገው መንግሥት ከብዙ እጅ ገንዘብ ለመውሰድ ሲፈልግ ብዙ እጅ እምቢ ማለት እንደሚችል ነው። ቧንቧ እምቢ አይልም። የ1966ቱ አብዮት ሲጀምርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በ1973 መጨረሻ ሲያሻቅብ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ጭማሪውን ለመቀነስ ተገደደ። ነዳጅ የሌለን ቢሆንም የነዳጅ ፖለቲካ ደርሶናል፤ የደረሰን ግን በገዥ በኩል እንጂ በሻጭ በኩል አይደለም።

ቡና ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ቡና በአገራችን የሚመረተው በአብዛኛው በትናንሽ ገበሬዎች ማሳ ነው፤ በምርት ደረጃ እጅግ ብዙ እጅ አለው። በደርግ ዘመን ከውጭ ንግድ ገቢያችን ከግማሽ በላዩ ከቡና ነበር። ነገር ግን ገበሬው የሚሸጥበት ዋጋ በመንግሥት የተወሰነ፣ ወደ ውጭ የሚወጣውም በዋናነት በመንግሥት የቡና ንግድ ድርጅት በኩል ነበር፤ ከዓለም ዋጋ ግማሹም ለገበሬው አይደርሰውም ነበር። ምርቱ ብዙ እጅ፣ በሩ ግን አንድ ማለት ይህ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ለዚህ የሰጠው መልስ ቡናውን በኮንትሮባንድ መሸጥና ማሳውን ወደ ጫት መቀየር ነበር፤ የጫት ገበያ የመንግሥት በር አልነበረውምና። በጎጃም ያለው ገበሬ ደግሞ ቡና ባይኖረውም ያው በር በእህል ኮታ ደርሶበታል፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታውን በዝቅተኛ ዋጋ ይወስድ ነበር፤ ትርፍ አምራች የሆነው ጎጃም ደግሞ የከበደውን ሸክም ተሸክሟል። በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ዋጋው ክፉኛ ወረደ፤ በዚያው ሰሞን የሶቪየት ኅብረት እርዳታ ቀነሰ። በየካቲት 1982 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ ገበሬው የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበሩን በራሱ ፈቃድ ከየአቅጣጫው አፈረሰ፤ ኮታውም ቀረ። ደርግን ያወረደው የቡና ዋጋ ነው አልልም፤ ጦርነቱ ነው ያወረደው። ነገር ግን በሩ በተከፈተ ጊዜ ገጠሩ እንደ ካርቱም ባዶ አልሆነም፤ ከበሩ በስተጀርባ የሚያርስ፣ የሚሸጥና የራሱን ማሳ የሚያውቅ ገበሬ ነበር። ከ1983 በኋላ ገጠሩ በቶሎ ወደ ሥራ የተመለሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በ2017 በጀት ዓመት፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ወርቅ ቡናን ቀድሞ የአገራችን ቀዳሚ የውጭ ሽያጭ ሆኗል፤ ሁለቱ ተደምረውም ከጠቅላላው የሸቀጥ ገቢ ከግማሽ በላይ ናቸው። ወርቁ ቀድሞ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረ በመሆኑ በሕጋዊ መንገድ መምጣቱ መልካም ነው። ግን ቡና ከሚሊዮኖች ጓሮ የሚወጣ ሲሆን ወርቅ ከጥቂት ቦታ ይወጣል፤ ወርቅ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ መሣሪያ የያዘ ሰው በቀላሉ ሊከበው የሚችል ቦታ ነው። የሱዳንን የወርቅ ዓመታት ከላይ የዘረዘርኩት ለዚህ ጭምር ነው። በሪፖርት ላይ የምርቱ ዓይነት ጨምሯል ብሎ የሚጨበጨብለት ቁጥር ሲመጣ ወርቁን የያዘው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የእኛ የዜጎች ሥራ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ገንዘብ በብዙ እጅ ከተበተነ ትልቅ ነገር አይሠራም የሚል ነው፤ ግድብ፣ ባቡር፣ ፋብሪካ የሚሠራው በአንድ ጠንካራ ካዝና ነው ይባላል። ከአዊ አልፎ፣ በቻግኒ መንገድ በጉባ የተሠራው ሕዳሴ ግድብ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል የውጭ አበዳሪ አልነበረም፤ ሥራው የቆመው በአገር ውስጥ ባንኮች ብድር፣ በቦንድና በመዋጮ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የባንኩ ብድርም ቢሆን የአስቀማጮች ገንዘብ ነው። ነዳጅ ሳንሸጥ ትልቅ ግድብ ሠርተናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ፈተና ኤሌክትሪኩ ለጎረቤት አገር የሚሸጥ ሌላ ነጠላ ሸቀጥ ብቻ ይሆናል ወይስ በየከተማው ወፍጮውን፣ ብየዳውን፣ የእንጨት ሥራውን የሚያንቀሳቅስ ይሆናል የሚለው ነው። እንጅባራ ላይ የቀርቀሃ ወንበር የሚሠራ ወጣት ማሽን ቢኖረው ኃይሉ ወደ ብዙ እጅ ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ ዲከረንስ ደረስኩ። የፋግታ ለኮማ፣ የባንጃና የዳንግላ ገበሬ ይህን ዛፍ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ለማያውቁት አድማጮች ብቻ በአጭሩ ልግለጽ። ከአውስትራሊያ የመጣው አካሲያ ዲከረንስ የአዊ ደጋ አሲዳማ አፈር ገብስና ስንዴ መያዝ ባቃተው ጊዜ ገበሬው ያገኘው መፍትሔ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ በሚቀጥለው ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፤ ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫናል። ተራቁቶ የነበረው ተራራ ለመሸፈን ከሃያ ዓመት ብዙም አልፈጀበትም። ከዚህ ሀብት የሚበላው ችግኝ አፍዪው፣ ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኙ፣ ሹፌሩና ደላላው ነው፤ መሬቱ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ይዞታ ስለሆነ መቼ እንደሚተከልና መቼ እንደሚሸጥ የሚወስነው ገበሬው ነው። በእኔ መለኪያ አዊ የመጀመሪያውን አደጋ በከፍተኛ ደረጃ፣ ሁለተኛውን ግን በትንሹ የተሸከመ ቦታ ነው። የነዳጅ አገር ሁለቱንም ይሸከማል።

የመጀመሪያው አደጋ ደግሞ ደርሷል። ባለፉት ዓመታት ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መትቶ ችግኙም ዛፉም ሲደርቅ ታይቷል። ማሳውን በሙሉ ዛፍ ያደረገ ቤተሰብ የሦስትና የአራት ዓመት ድካሙ በአንድ ክረምት ሲጠወልግ አይቷል፤ የደረሰበትን ጉዳት አቃልዬ ማየት አልፈልግም። ሆኖም ከካርቱም የሚለየው ነገር አለ። የነዳጅ ገቢ ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው አንድ ቢሮ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ አገር ይሳሳታል። ዲከረንስ ሲደርቅ ግን የሚወስኑት ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ናቸው። አንዱ ወደ ድንች፣ ሌላው ወደ ባሕር ዛፍ፣ ሌላው በኖራ ወደታከመ ስንዴ፣ ሌላው ወደ ዋሸራ በግ ሊሄድ ይችላል፤ የተሳካለትን ጎረቤቱ አይቶ ይከተላል። ዲከረንሱን ራሱንም ያስፋፋው በዋናነት ይህ ነው፤ ገበሬ ከገበሬ አይቶ ነው የተከለው።

ከሰል ትንሽ ነገር ነው፣ ከነዳጅ መንግሥት ጋር እንዴት ይነጻጸራል የሚል ይኖራል። መጠኑ አይነጻጸርም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። እንዲያውም ለእኛ የሚቀርበው ንጽጽር ሌላ ነው። የክልሎች በጀት ትልቅ ክፍል ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ድጎማ ላይ የቆመ ነው፤ የወረዳ በጀትም በዋናነት ከክልል ይወርዳል። በድጎማ የሚኖር ወረዳ ከነዳጅ መንግሥት ጋር የሚጋራው ጠባይ አለ፤ ገንዘቡ ከአካባቢው ሰው ስለማይመጣ ባለሥልጣኑ ዓይኑን የሚጥለው ገንዘቡ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የአዊ ኢኮኖሚ መስፋት የገበሬውን ኪስ ብቻ አይመለከትም፤ አስተዳደሩ ለማን መልስ እንደሚሰጥም ይመለከታል። ከዳንግላ ወተት፣ ከእንጅባራ ቀርቀሃና ድንች፣ ከአዲስ ቅዳም ከሰል የሚሰበሰብ ግብር የወረዳውን ወጪ በሚታይ መጠን ሲሸፍን ግብር ከፋዩ በስብሰባ ላይ የሚናገረው ነገር ክብደት ያገኛል።

ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተደራጀ ሰው ያስፈልጋል። ሱዳን ውስጥ ሰልፉን ያስተባበሩት ቀድመው በየሙያቸው የተደራጁ ሰዎች መሆናቸውን አይተናል። አዊ በዚህ ባዶ እጁን አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት፣ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብር፣ በሐዘን የሚረዳዳና ጠብ የሚያበርድ ማኅበር ነው፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በደርግና ከዚያ በኋላ በመጡት መንግሥታት ሁሉ አልፏል። ያለፈው በራሱ አባላት ላይ ስለቆመ ነው እላለሁ። የገበያ ማኅበር ደግሞ ከፈረሰኛ ማኅበር የተለየ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አመራሩን የሚመርጥ፣ ገንዘቡን የሚቆጥርና የሚተማመን ሕዝብ መኖሩን ማኅበሩ ያሳያል።

ንግግሬን በሦስት ሊሠሩ በሚችሉ ነገሮች ላይ አቆማለሁ። የመጀመሪያው፣ ከሰልም ይሁን ድንች በአንድ ገዥ ወይም በአንድ ኅብረት ሥራ ዩኒየን በኩል ብቻ እንዲሸጥ የሚያስገድድ መመሪያ፣ ምንም ያህል በጎ ሐሳብ ቢኖረው፣ ገበሬው ሊቃወመው ይገባል፤ የደርግን የቡናና የእህል በር በሌላ ስም መመለስ ነውና። ሁለተኛው፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲና የግብርና ምርምር ተቋማት በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ከመፈለግ ጎን ለጎን ከዲከረንስ በኋላ ምን ይታረሳል የሚለውን በገበሬው ማሳ ላይ፣ ከገበሬው ጋር ቢሞክሩ ውጤቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ለመድረስ ይቀለዋል። ሦስተኛው ቀላሉ ነው፤ በየከሰል ኬላው በወር የተሰበሰበው ገንዘብና የዋለበት ሥራ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ የቀበሌ ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው ሊጠይቀው ይችላል።